ናሙና 41፣ የተቀዳበት ሰዓት

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

...እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ክንዱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝና «ቀስ በይ፣ ሁሉንም አትቅጂው፣ ቤት የምደርስበት ይቅርልኝ» አለ። ሳቅኩ። መርፌ ይዞ መሳቅ እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ሳቅኩ። ቱቦው ላይ የለጠፍኩትን ቁጥር አየና «አርባ አንድ። ታርጋዬ ነው?» አለኝ። አዎ አባባ፣ ታርጋህ ነው። ከዚያ ሰዓት ጠየቀኝ። ነገርኩት። ከዚያ ቱቦውን ይዤ...

ከዚያ ያለው ጠፍቶብኛል። ቱቦውን ይዤ ወዴት ሄድኩ? ወዲያው ወደ ማሽከርከሪያ ማሽኑ? ወይስ አስቀምጬው ሌላ ሰው ወጋሁ? ዛሬ ቀኑን ሙሉ ይህን ብቻ ሳስብ ዋልኩ። ሰባት ወር አልፎታል።

ውጤቱ መጣ።

በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ አለበለዚያ ይምታታብኛል። አልዛይመር፣ ፓርኪንሰንና መሰሎቻቸው አንጎልን ቀስ በቀስ ሲጎዱ አንዳንድ ፕሮቲኖች ጥቂት ጥቂት ወደ ደም ይወርዳሉ። ጥናታችን እነሱን ከደም መለካት ነው። የታማሚዎች ደም አገኘን። ለማነጻጸሪያ የሚሆን የጤነኛ አዛውንት ደም ግን አጣን፤ ጤነኛ ሰው ምን ጎድሎበት ሆስፒታል ይመጣል? የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ኢዮብ እያንዳንዳችን ከቤታችን አንድ አንድ ጤነኛ አዛውንት እንድናመጣ ጠየቁን። መረጃ የሚመዘግበው ታምራት አክስቱን አመጣ። እኔ አባባን አመጣሁ። ደሙ ወደ ውጭ ተላከ፣ ያለ ስም፣ በቁጥር። ቁጥሩ የማን ደም እንደሆነ እኛም እንዳናውቅ ነው። አርባ አንድን ግን አውቃለሁ።

ጠዋት ታምራት ሠንጠረዡን ከፈተ። በትከሻው ላይ አጎንብሼ አየሁ።

አሚሎይድ፦ ዝቅ ያለ (ይህኛው አንጎል ውስጥ ሲጠራቀም ደም ላይ ይቀንሳል)።
ታው፦ ከፍ ያለ።
ከነርቭ ክር የሚወጣው ፕሮቲን፦ ከፍ ያለ።

ከጤነኞቹ ወጥቶ ታማሚዎቹ መካከል ገብቷል። አባባን ታማሚዎቹ በሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ላይ፣ በመካከላቸው፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ተራ ሲጠብቅ በሐሳቤ አየሁት።

ቀጥሎ ቢጫውን አየሁ። የአርባ አንድ መስመር ዳር እስከ ዳር ቢጫ ተቀብቷል። መጨረሻው ላይ አጭር ማስታወሻ አለ፦ ደሙ ከተቀዳ በኋላ ሰባት ሰዓት ያህል ሳይቀዘቅዝ ቆይቷል፣ ውጤቱ አይታመንም።

የሥራ ጉድለት አስደስቶኝ አያውቅም። ዛሬ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በደስታ አለቀስኩ። ደም ሙቀት ላይ ሲቆይ አሚሎይድ ይፈርሳል፣ ቁጥሩ ይወርዳል። ማንኛውም ተማሪ ያውቀዋል። አበላሽቼዋለሁ። እሰይ።

ማታ እራት ላይ አባባ «ያ የደሙ ነገር ምን ደረሰ?» አለኝ። ገና ነው አልኩት። ባለፈው ሳምንትም ጠይቆኛል።

ይህ ሁሉ በሌላ ጊዜ ቢመጣ ምናለ። አባባ ሊያገባ ነው። እማማ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆናት። መስከረም ላይ ወደ እትዬ ዘነበች ሽማግሌ ላከ፤ እሺ አሉ። ሰርጉ ከነገ ወዲያ ሳምንት፣ ኅዳር 13 አይደለም፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ኅዳር 20። ቀን መቁጠር እንኳ አቃተኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

መዝገቡን አወጣሁ። አርባ አንድ። የተቀዳበት ሰዓት 3:10። ፍሪዘር የገባበት ሰዓት 10:05። የእኔ ጽሕፈት፣ የእኔ ፊርማ። ከሦስት ከአሥር እስከ አሥር ከአምስት ሰባት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ይቀረዋል። ልክ ናቸው። መብራት ጠፍቶ ይሆናል። ሚያዝያ ላይ ይጠፋ ነበር። ሰው በዝቶብኝ ይሆናል።

ገጹ ላይ የሆነ ነገር ቅር አለኝ። ምን እንደሆነ ሳላጣራ ዘጋሁት።

የስምምነት ቅጹንም አየሁ። ማየት አልነበረብኝም። መጨረሻው ላይ ሁለት ሳጥኖች አሉ። አንዱ «አሳሳቢ ነገር ከተገኘ እንዲነገረኝ እፈልጋለሁ» ይላል፤ ሌላው አልፈልግም። የታምራት አክስት አልፈልግም ብለዋል። ከጤነኞቹ አብዛኞቹ እንደዚያው ናቸው። አባባ እፈልጋለሁ የሚለው ላይ ምልክት አድርጓል። አንዴ አይደለም። ብዕሩ ወረቀቱን እስኪበሳው ድረስ።

ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ነው። ቢጫው ካለ አርባ አንድ ይጣላል፣ ማንም አይጠራም። ቢጫው ከተነሣ ዶክተር ኢዮብ ቅጹን ገልጠው ይደውላሉ። የሚጣሉትን ዝርዝር ረቡዕ ይፈርሙበታል።

እስከ ረቡዕ ዝም ማለት ብቻ ነው። ዝምታ ሥራ አይፈልግም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

እትዬ ዘነበች ዘንድ ልብስ ልለካ ሄድኩ። ሱቃቸው ከባህል አዳራሽ ጀርባ ነው። የመዘምራን ልብስ ይሰፋሉ፤ ግድግዳው ሙሉ ሐምራዊ ነው፣ ሰው የሌለበት የመዘምራን ቡድን ቆሞ የሚያይ ይመስላል።

«ሆድሽን ልቀቂው። ልብስ ነው የምሰፋልሽ፣ ፎቶ አላነሣሁሽ።»

ለቀቅኩት።

«አባትሽ ትናንት መጥቶ ስለ ክራቫቱ ሦስቴ ጠየቀኝ። ወይን ጠጅ አልኩት። ወጣ። ከባጃጁ ወርዶ ተመለሰና ‹ምን ነበር ያልሽኝ?› አይለኝም! እኔ ሙሽራዋ እንዲህ አልሆንኩም፣ እሱ ምን ሆኗል?» ብለው ሳቁ። መርፌ በከንፈራቸው ይዘው ነው የሚስቁት።

እኔም ሳቅኩ። በሆዴ ግን መዘገብኩት። ክራቫት፣ ሦስት ጊዜ።

ከዚያ ወገቤን እየለኩ፣ ፊታቸው ሳይታየኝ፣ እንዲህ አሉኝ። «የመጀመሪያው ባሌን ስትሮክ መትቶት ስምንት ዓመት አገላበጥኩት። አላማርርም፣ ጌታ ጉልበት ሰጥቶኛል። አባትሽን ለምን እሺ እንዳልኩት ታውቂያለሽ? ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር እንራመድ አለኝ። እንራመድ! ስምንት ዓመት ሰው አልጋ አጠገብ ተቀምጠሽ እይው፣ ይህ ቃል ምን እንደሆነ ይገባሻል።»

ሜትሩ ወገቤ ላይ ጠበቀ።

«ከሳሽ እንዴ? ባለፈው ከለካሁሽ ሁለት ጣት ወርደሻል።»

የሥራ ብዛት ነው አልኳቸው።

ቤት ስገባ አባባ በረንዳው ላይ ነበር። «የደሙ ነገርስ?» አለ። ሰላም እንኳ ሳይለኝ። ገና ነው። እሱንም መዘገብኩት። በሦስት ቀን ሁለተኛ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ቤተ ክርስቲያን። ሁለተኛው የጋብቻ ማስታወቂያ ዛሬ ነበር። «ወንድም ጴጥሮስና እህት ዘነበች በጌታ ፈቃድ ሊጋቡ ወስነዋል። ተቃውሞ ያለው ሰው ለሽማግሌዎች ቢሮ ያሳውቅ።» እልልታው ጣራውን አነሣው። ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ «እሰይ፣ ጴጥሮስ ዕድሜውን አሳሳተን እኮ» አለች። ሦስት እሑድ ነው የሚነበበው፤ አንድ ቀረ።

እኔ ተቃውሞ የለኝም። ያለኝን ነገር የሚቀበል ቢሮ የለም።

ከአምልኮ በኋላ እትዬ ዘነበች እንግዳ ነበረባቸው፣ እኔና አባባ ብቻ ሐይቁ ዳር አሳ ልንበላ ሄድን። እነዚያ መላጣ አሞሮች ሰው መሃል እንደ ጡረተኛ ይንጎራደዳሉ። አባባ ከአሳ አጥማጆቹ ጋር በሲዳምኛ ተሟገተ፣ አሳቃቸው፣ ትልቁን አሳ ይዞ መጣ። እያየሁት ነበር። አባባ መናኸሪያ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የስምሪት ሠራተኛ ነበር፤ የትኛው አውቶብስ መቼ ይነሣል፣ ማን ይነዳዋል፣ ሁሉም በእሱ ጭንቅላት ነበር የሚሄደው። ፈተንኩት። ክፉ ነኝ።

«አባባ፣ ያ አርባ ምንጭ ይሄድ የነበረው ቀይ አውቶብስ ታርጋው ስንት ነበር?»

አላሰበበትም እንኳ። ታርጋውን ነገረኝ። ሾፌሩን፣ ረዳቱን፣ የረዳቱን ቅጽል ስም፣ የኋላ ጎማው የፈነዳበትን ዳገት። እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። ላቅፈው የምችል ሰው አጠገቤ ቢኖር አቅፈው ነበር፣ አጠገቤ ያለው ግን እሱ ብቻ ነበር። (የቆየ ትዝታ መጨረሻ ላይ እንደሚጠፋ አውቃለሁ። ለታማሚ ቤተሰቦች የማስረዳው እኔ ነኝ። ለአምስት ደቂቃ አላወቅኩም።)

ከዚያ የአሳውን አጥንት እየለየ «ያን የደሙን ቀንም እዚሁ ነበር ያመጣሽኝ» አለ።

«ስንት ሰዓት ላይ?» አልኩት። ለምን ጠየቅኩት?

«ስትወጊኝ ሦስት ከአሥር ነበር፣ ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ። ደሙን አሽከርክረሽ ፍሪጅ አስገብተሽ እስክትመጪ ኮሪደሩ ላይ ጠበቅኩሽ። አራት ተኩል ላይ እዚህ፣ ያ ዛፍ ሥር ነበርን። ቁርስ ሳትበላ ና ብለሽኝ ስለነበር ርቦኝ እጄን ልበላው ነበር።»

የያዝኩትን ቁራሽ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

አራት ተኩል ላይ አሳ እየበላን ነበር። ጠዋት። ደሙ ያኔ ፍሪዘር ውስጥ ነው።

መዝገቡ ላይ ቅር ያለኝ ይኸው ነው። ላብራቶሪ ውስጥ በፈረንጅ ሰዓት ነው የምንጽፈው። የፍሪዘሩ ሰሌዳም የሚያሳየው እሱን ነው፤ 10:05 ከዚያ ላይ የገለበጥኩት ነው፣ በእኛ አራት ከአምስት። 3:10 ግን አባባ ጠይቆኝ በአፌ የነገርኩት ሰዓት ነው። ከእሱ ጋር ስሆን ሰዓቴ የቤት ሰዓት ነው። ነገርኩት፣ እንደነገርኩት ጻፍኩት።

ሰባት ሰዓት አልቆየም። ሃምሳ አምስት ደቂቃ ነው። ከሁሉም ናሙናዎች እንደ አርባ አንድ የተጠነቀቅኩለት የለም፤ የአባቴ ደም ነዋ።

በደንብ አስታወሰ። ደቂቃዋን ሳይስት አስታውሶ ተስፋዬን ከእጄ ወሰደው።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ታምራት ከጠረጴዛው ተጣራ፦

«ሂዊ! ማን ነው በውድቅት ደሙን የሰጠሽ?»

«ምን?»

«አርባ አንድ፣ 3:10 ይላል እኮ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር። ጅብ ነሽ እንዴ አንቺ፣ በጨለማ ሽማግሌ እያደንሽ?»

ሁሉም ሳቁ። እኔም። በዚህ ሳምንት ከዓመቱ ሁሉ ይልቅ ስቄያለሁ።

«የአጻጻፍ ስህተት ይሆናል» አልኩት። «ተወው፣ ያው የሚጣል አይደል?»

«አንቺ ካልሽ።»

አንቺ ካልሽ። ስምንት ዓመት አብረን ሠርተናል፣ እኔ ካልኩ ይበቃዋል። ወደ ሠንጠረዡ ተመለሰ።

ለራሴ የነገርኳቸው ነገሮች፦

ቁጥር በሽታ አይደለም። እውነት ነው። ፕሮቲኑ እያለባቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳይረሱ የሚሞቱ ሰዎች አሉ።
አንድ ናሙና ብቻውን ምንም አይደለም። መደገም አለበት።
እኔ ሐኪም አይደለሁም።
አባባ ደስተኛ ነው።
አሥራ ሁለት ቀን ብቻ። ከሰርጉ በኋላ እነግረዋለሁ።

ያልነገርኩት፦ ታው። ሐሙስ ዕለት ስለ አሚሎይድ ብቻ ነው የጻፍኩት። ታው ሙቀት ላይ ቢቆይም በቀላሉ አይዛባም። ማንኛውም ተማሪ ያውቀዋል። ሰባት ሰዓት ቢቆይ ኖሮ እንኳ ታው ከፍ እንዳለ ነበር። ሐሙስም አውቅ ነበር፤ ለዚህ ደብተር እንኳ ዋሽቻለሁ።

አባባ ዛሬ አልጠየቀኝም። ያም አስፈራኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የአባባን ሙሉ ልብስ ላስተኩስ ወሰድኩት። ተኳሹ «ኪሱን ባዶ አድርጊልኝ፣ ባለፈው የሰው እስክሪብቶ ቀልጦ ጉድ ሆኛለሁ» አለኝ። እዚያው ቆሜ ኪሱን አራገፍኩ።

ወረቀቶች። ከማስታወሻ ደብተር የተቀደዱ፣ በአራት የታጠፉ። የአባባ ጽሕፈት፣ ያ የስምሪት ሰሌዳ ላይ የምናውቀው ቀጥ ያለ ጽሕፈት።

«ዘነበች። ሻይ ያለ ስኳር። የልጇ ስም ሰላም። የሞተው ባሏ ዓለማየሁ፤ ስሙን አትሳት።»

«ሱቅ። ከባህል አዳራሽ ጀርባ፣ ከፋርማሲው ቀጥሎ። ፋርማሲውን ካለፍክ ተመለስ።»

«ክራቫት ወይን ጠጅ። ጠይቀሃል። ደግመህ አትጠይቅ።»

አንዱ ካርታ ነው። ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያን። ሁለት መታጠፊያ ብቻ ያለው መንገድ። እዚያ መንገድ ላይ ነው በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገኝ። መታጠፊያዎቹ ላይ ቀስት አድርጓል። ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ አልቆ ሊበጠስ ነው፤ በዚህ ሳምንት የተጻፈ አይደለም።

የመጨረሻው፦

«ሂዊ ስለ ደሙ። ሐሙስ፣ ገና። ቅዳሜ፣ ገና።»

እኔ እሱን ስመዘግብ እሱም እኔን ይመዘግብ ነበር። ረስቶ አይደለም የደጋገመው። ሲጠይቀኝ መጠየቁን ያውቃል።

ተኳሹ «እህት፣ ደህና ነሽ?» አለኝ። ወረቀቶቹን እንደነበሩ አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ልብሱ ተተኩሶ ሲመለስ በየኪሳቸው መለስኳቸው። የቱ በየትኛው ኪስ እንደነበረ ግን ጠፋኝ። ከተሳሳትኩ ምን ይሆናል? አንዱን ፈልጎ ሌላውን ቢያወጣ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

መዝገብ ላይ ስህተት አይፋቅም፣ አይደለዝም። አንድ ቀጭን መስመር ይሰመርበታል፣ ሥሩ ያለው እንዲነበብ። ከጎኑ ትክክለኛው፣ ቀኑ፣ ፊርማ። አዲስ ለሚቀጠሩ ሁሉ ይህን የማስተምረው እኔ ነኝ።

በሦስት ሰዓት መዝገቡን ከፈትኩ። በአምስት ሰዓት አሁንም ክፍት ነበር። ዶክተር ኢዮብ የሚፈርሙት ከምሳ በፊት ነው።

ምን አሰብኩ? የእትዬ ዘነበችን ሜትር አሰብኩ። እንራመድ የሚለውን ቃል አሰብኩ። ብዕሩ የበሳውን ወረቀት አሰብኩ። ይህ ሰው ንገሩኝ ብሏል። ዝም ካልኩ በእሱ ቀናት ላይ የወሰንኩት እኔ ነኝ ማለት ነው።

አሰመርኩ። 9:10። ቀን። ፊርማ።

ታምራት ቢጫውን አነሣው። አንድ ጊዜ ጠቅ። «ሃምሳ አምስት ደቂቃ! ይህን የመሰለ ናሙና ልንጥል ነበር እኮ» አለ። ከዚያ ፊቴን አየ። እሱ አክስቱን ሲያመጣ እኔ ማንን እንዳመጣሁ ያስታውሳል። ከወንበሩ ተነሣ። ውኃ አመጣልኝ።

ዶክተር ኢዮብ ጋ ገብቼ የማን እንደሆነ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«መቼ አወቅሽ?»

«ሐሙስ።»

«ሳምንት ሙሉ ብቻሽን ተሸከምሽው?» አሉኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ቁጣው ይሻለኝ ነበር። «ስሚኝ። ይህ ምልክት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ደሙ ይደገማል፣ የማስታወስ ፈተና ይሰጠዋል፣ ሌላ ሊታከም የሚችል ነገር እንዳለም እናያለን። ግን አንቺ አትንገሪው። ልጁ ሁኚ። የሐኪሙን ነገር ለእኔ ተይልኝ።»

ነገ ይደውላሉ።

ልጁ መሆን። እንዴት ነበር?

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጠዋት ቁርስ ላይ ስልኩ ጮኸ። አባባ ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ሄደ። «አቤት። አቤት ዶክተር። እሺ። እሺ።» ተመልሶ ተቀመጠ። ዳቦውን ቆረሰ፣ አልበላውም።

«ነገ ስምንት ሰዓት ና አለኝ።»

ሻይ ቀዳሁለት።

«ታውቂ ነበር?»

«ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ።»

«እኔ ዓመት አልፎኛል» አለ።

ከጎረቤት ራዲዮ ይሰማ ነበር። የሆነ ሰው ስለ ትራፊክ እያወራ።

«መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ» አለ «ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት በር፣ በየት በኩል ወደ ቤት እንደምሄድ ጠፋኝ። ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። የማውቃቸው ሾፌሮች ሰላም ይሉኛል፣ እኔም ሰላም እላለሁ፣ ሰው የምጠብቅ መስዬ። ከዚያ መጣልኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ጤነኛ ሽማግሌ ፈልጉ ተባልን ብለሽ ስትመጪ፣ ይኸው እግዜር መንገድ ከፈተ፣ ሳልናገር ይወቁልኝ አልኩ።»

«ታዲያ ለምን ደጋግመህ ትጠይቀኛለህ? ለምን አልነገርከኝም?»

«ገና ነው እንድትዪኝ ነዋ። ገና ነው ባልሽኝ ቁጥር አንድ ቀን አገኝ ነበር።»

ይህን ሲል ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ መጻፍ አልችልም።

ከዚያ ተናደድኩ። እንዲህ ድንገት፣ ሳላስበው። «እትዬ ዘነበችስ? ሽማግሌ የላክህባቸው መስከረም ነው። ያኔ ታውቅ ነበር።»

ፍርፋሪውን በጣቱ ሰበሰበ፣ አንድ ላይ አደረገው፣ መልሶ በተነው።

«ውጤቱ ሲመጣ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ካልመጣ ደግሞ...» አልጨረሰውም። «ብቻዬን ፈርቼ ነበር፣ ሂዊዬ። ይህ ምክንያት ይሆናል?»

አላውቅም አልኩት። አላውቅም። እኔም ለእሳቸው ያደረግኩት ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ቆሜ ወገቤን አስለካሁ።

ከሰዓት በኋላ አባባ ላብራቶሪ ደወለልኝ። «ዘነበችን ነገ ሆስፒታል ነይ ብያታለሁ። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። እዚያው እንድትሰማ ነው። ከእኔ አፍ ከሆነ አሳምሬ እነግራታለሁ፣ ራሴን አውቃለሁ።»

እሑድ ሦስተኛው ማስታወቂያ ነው። ይነበብ አይነበብ አላውቅም። ልብሴ ሊያልቅ እጅጌው ብቻ ቀርቶታል።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ ጉልበቴ ላይ። ታምራት ከታች ሆኖ ሥራዬን ይዞልኛል።

አባባ ከሰዓቱ ቀድሞ መጣ። ሙሉ ልብሱን ለብሷል። ክራቫቱን አላሰረም። አጠገቤ ተቀመጠ፣ ሁለታችንም ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ አየን። ኪሱን ሁለት ጊዜ ዳሰሰ፤ ወረቀት አላወጣም።

እትዬ ዘነበች በባጃጅ ደረሱ። በቀጥታ ከሱቅ ነው የመጡት፣ እጅጌያቸው ላይ ሐምራዊ ክር ተጣብቋል፣ የቀሚሳቸው ደረት ላይ ስፒሎች እንደተሰኩ ናቸው። ወደ አባባ ሳይሆን ወደ እኔ መጡ።

«ምንድን ነው? ታሟል?»

«ዶክተሩ ይነግሩዎታል፣ እትዬ።»

«አንቺ ግን ታውቂያለሽ።»

አንገቴን ደፋሁ። ቅዳሜም ታውቂ ነበር ወይ ብለው አልጠየቁኝም። ዓይናቸው ግን ቅዳሜ ላይ ሄዶ ሲመለስ አየሁት።

ዶክተር ኢዮብ ብቅ ብለው «አቶ ጴጥሮስ» አሉ። አባባ ተነሣ። ኮቱን ቆለፈ። ከዚያ ወደ እትዬ ዘነበች ዞሮ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ዘነበች፣ መግባት አይጠበቅብሽም። ገብተሽም ከሰማሽ በኋላ ተነሥተሽ ብትሄጂ እኔ ምንም አልልም፣ በሽማግሌም አልጠይቅሽም» አለ።

እትዬ ዘነበች ቆሙ። ከዚያ ስፒሎቹን ከደረታቸው ላይ አንድ በአንድ መንቀል ጀመሩ። ሰባት ነበሩ። መዳፌን ዘርግቼ ስቀበል «እንዳይወጉሽ» አሉኝ፣ ቅዳሜ ልብስ ሲለኩኝ በነበረው በዚያው ድምፃቸው።

«አንቺ እዚሁ ሁኚ» አለኝ አባባ።

ገባ። እትዬ ዘነበች ተከተሉት፣ ወይም ደፉን ተሻገሩ፣ መከተል ይሁን ለመስማት ብቻ ይሁን ከጀርባቸው አይታወቅም። ውስጥ ወንበር ሲሳብ ሰማሁ። አንድ ወንበር። እትዬ ዘነበች ዞረው ወደ እኔ አላዩም። በሩን ከውስጥ ዘጉት።